ጊዜም መብራትም ለሚያጥረው ተጫዋች፦ በ2017 የጨረስኳቸው ጌሞች

"ጌም ድሮ ነበር የምጫወተው፣ አሁን ጊዜ የለኝም" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይገባኛል። እኔም ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ቤት ስገባ መሽቷል፣ መብራት ደግሞ ሳይነግረን ይሄዳል። ግን በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ጊዜ እየሰጠሁ፣ ደስ የሚሉ ጌሞችን እስከ መጨረሻቸው ተጫውቻለሁ። የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ ከመጀመራችሁ በፊት ምን ብታዩ እንደሚጠቅማችሁ ልንገራችሁ። (ጌሞቹ የወጡበትን ዓመት የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ ዕቃዬ። ያለኝ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ባትሪው አርጅቷል፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንጋራው ፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) ደግሞ አለ። ሌላ ነገር የለኝም። ስለዚህ "ይሄ እኔ ጋ ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ አትጨነቁ፣ እዚህ ያሉት በሙሉ በደከመ ዕቃ የሚሠሩ ናቸው።

ብዙዎቻችን ጌም የተማርነው ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጨዋታ ይከፈላል፣ ኳስ ይገባል፣ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለተረኛ ያስረክባል። እዚያ ቤት የሚጨረስ ጌም የለም። አሁን ስልካችን ላይ ያሉት ፐብጂም፣ ፍሪ ፋየርም፣ ኢፉትቦልም እንደዚያው ናቸው፣ ማለቂያ የላቸውም። የኛው ልጆች፣ ቅኔ ጌምስ፣ የሠሩት ኩኩሉም መጨረሻ የሌለው ሩጫ ስለሆነ እዚህ አልገባም እንጂ ስልኬ ላይ አለ፣ እወደዋለሁም። እኔ ግን ዕድሜ ሲጨምር የፈለግኩት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ከልብ የሚቀር፣ ከሰው ጋር የሚወራ።

ታዲያ አንድን ጌም ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ። ስንት ጊጋ ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሴቭ የሚያደርገው፣ ማለትም የደረስንበትን የሚመዘግበው፣ እንዴት ነው? የመጀመሪያውን ማንም ያያል፣ ፓኬጅ በገንዘብ ነው የሚገዛው። ለሁለተኛው "ሀው ሎንግ ቱ ቢት" የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የጌሙን ስም ስትጽፉበት ሰው በአማካይ በስንት ሰዓት እንደጨረሰው ያሳያችኋል። ሦስተኛውን ግን የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ለእኛ ደግሞ ከግራፊክስም ከምኑም በላይ ወሳኙ እሱ ነው። "አሁን መብራት ቢጠፋ ምን ያህል ነገር አጣለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ጌሙ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ አንድ ቀን ተናዳችሁ ትተዉታላችሁ።

ለዚህ ጥያቄ በጣም ጥሩ መልስ ያለው ስታርዱ ቫሊ ነው። በ2016 የወጣ የእርሻ ጌም ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ፕሮግራሙንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም ለብቻው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ወስዶ ነው የሠራው። ከአያታችሁ የወረሳችሁትን ዱር የበላው መሬት ታቀናላችሁ፣ ትዘራላችሁ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትላመዳላችሁ። ሴቭ የሚያደርገው ማታ ስትተኙ ብቻ ነው። ሲሰሙት አስፈሪ ይመስላል። ግን በጌሙ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከንጋት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 14 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ቢበዛ የምታጡት አንድ ቀን ነው። አንዱን ቀን ሠርቶ፣ ተኝቶ፣ ዘግቶ መነሣት ይቻላል። እኔ ቡና እስኪፈላ አንድ ቀን እጫወትበት ነበር።

"ይሄ መቼ ነው የሚያልቀው?" ለምትሉ፣ በጌሙ ሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአያትየው መንፈስ መጥቶ ሥራችሁን ያያል፣ እንደ ደረጃችሁም እስከ 4 ሻማ ይበራላችኋል። ለእኔ መጨረሻው እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ መቀጠል የፈለገ ይቀጥል። አንድ ምክር ብቻ፦ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ለማግኘት አትጣደፉ። ፈርሶ የተዘጋውን የመንደሩን አዳራሽ ለማደስ የሚጠየቁትን ዕቃዎች በየወቅቱ አስቀምጡ። የጸደይ አበባ በበልግ አይገኝም፣ ካመለጣችሁ ዓመት ሙሉ ትጠብቃላችሁ።

አሁን ወደ ዓመቱ ትልቅ ጌሜ። ሆሎ ናይት። ቲም ቼሪ የሚባሉ ጥቂት ሰዎች አደላይድ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሆነው ሠርተው በ2017 ያወጡት ነው። ጭምብል ያጠለቀች አንዲት ትንሽዬ ነፍሳት ሆናችሁ ሃሎውኔስት ወደሚባል ከመሬት ሥር ወደፈረሰ መንግሥት ትወርዳላችሁ። ማን ምን እንዳደረገ ቁጭ ብሎ የሚነግራችሁ የለም። ከፈረሰው ግንብ፣ ከቆመው ሐውልት፣ ከሞተው ወታደር ነው የምትረዱት። ብዙ ሰው የሚተወው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው፣ ምክንያቱም ይጠፋበታል። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

አዲስ ቦታ ስትገቡ ካርታ የላችሁም። ጆሯችሁን ስጡ። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ዜማ ያንጎራጉራል፣ መሬት ላይ ደግሞ የተበታተነ ወረቀት ታያላችሁ። ወረቀቱን ተከተሉ፣ ኮርኒፈር የሚባለው ካርታ ሠሪ ቁጭ ብሎ ይሥላል። ካርታውን በትንሽ ሳንቲም ይሸጥላችኋል፣ ግን ያልተሟላ ነው። ላይ መንደሩ ውስጥ ሚስቱ ሱቅ አላት፣ ከእሷ የላባ ብዕር ግዙ። ከዚያ በኋላ የረገጣችሁትን ቦታ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ያውም ስትራመዱ ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ስትሉ። ወንበሩ ማረፊያችሁም፣ መነሻችሁም ነው። ጌሙን ዘግታችሁ ስትመለሱ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን፣ የምትነሡት መጨረሻ ከተቀመጣችሁበት ወንበር ነው። ስለዚህ ሕጌ ይሄ ነበር፦ አዲስ ቦታ ከገባሁ መጀመሪያ የምፈልገው ወንበር ነው፣ ከዚያ ኮርኒፈርን፣ ከዚያ ሌላውን።

ስትሞቱ ገንዘባችሁ ከጥላችሁ ጋር እዚያው ይቀራል። ተመልሳችሁ ጥላውን ሳትመቱት ድጋሚ ከሞታችሁ፣ ገንዘቡ ጠፋ። ስለዚህ ኪሳችሁ ሞልቶ ወደማታውቁት ቦታ አትግቡ፣ መጀመሪያ ሱቅ ሂዱና አውጡት። አንድ ቦስ (መንገድ የሚዘጋ ከባድ ጠላት) ካቃታችሁ ደግሞ እልህ አትያዙ። ሌላ መንገድ ሂዱ። ዝናብ የማያባራባት "የእንባ ከተማ" የምትባል አለች፣ እዚያ መሣሪያችሁን የሚስል አንጥረኛ ታገኛላችሁ፣ ተመልሳችሁ ስትመጡ ያው ቦስ ይቀልላችኋል።

አንድ ነገር ብቻ በቅርብ ላሳያችሁ፣ ደስታውን ብዙም ሳላበላሽ። ማንቲስ የሚባሉ ተዋጊ ነፍሳት የሚኖሩበት መንደር አለ፣ ስትገቡ ካገኛችሁት ሁሉ ጋር ትጋጠማላችሁ፣ ፋታ አይሰጡም። መጨረሻ ላይ ጌቶቻቸው ዙፋን ላይ ተቀምጠው ይጠብቋችኋል። መጀመሪያ አንዱ ይነሣል። እሱን ስትጥሉት ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ማታ ቆይቻለሁ፣ እጄ ላብ በላብ ሆኖ። ካሸነፋችኋቸው በኋላ ግን በመጣችሁበት ስትመለሱ፣ ቅድም ሲያባርሯችሁ የነበሩት ማንቲሶች አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሷችኋል። ማንም አይነካችሁም። ቃል የለም፣ ጽሑፍ የለም። አክብሮት እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ጌም የለም፣ ለዚያ ብቻ ሲባል እንኳ እስከዚያ ድረስ ሂዱ።

የጌሙ ዋና ታሪክ 25 ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ መጨረሻውም ከአንድ በላይ ነው። ተከታዩ ሲልክሶንግ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025፣ ማለትም ነሐሴ 29፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ወጣ። ጓደኞቼ ከእሱ እንጀምር ብለውኝ ነበር። ምክሬ አይሆንም ነው፣ ሲልክሶንግ ከበድ ይላል፣ እጃችሁን በመጀመሪያው አፍታቱት።

ሴሌስት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2018 የወጣ፣ አንዲት ማደሊን የምትባል ልጅ ተራራ የምትወጣበት። መዝለል፣ መወርወር፣ መንጠልጠል፣ ሌላ ምንም የለውም። ስትሞቱ በዓይን ጥቅሻ እዚያው ስክሪን ላይ ትነሣላችሁ፣ የሞት ቁጥራችሁንም ይቆጥርላችኋል፣ ደግሞ በቁጥሩ ኩሩ፣ በሞታችሁ ቁጥር እየተማራችሁ ነው ይላችኋል። ማደሊን የጭንቀት ሕመም አለባት። ገደል ላይ የተንጠለጠለው ማጓጓዣ ቆሞባት ትንፋሽ ያጥራታል፣ አብሯት ያለው ቴዎ "አንዲት ላባ አስቢ" ይላታል። ስክሪኑ ላይ ላባ ይመጣል። አንድ በተን ተጭናችሁ ስትይዙ ላባው ከፍ ይላል፣ ስትለቁት ዝቅ ይላል፣ ከትንፋሽ ጋር እኩል። እኔ ሳላውቀው አብሬ እየተነፈስኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ደረቴን ሲጨንቀኝ አደርገዋለሁ፣ ይረዳኛል። ለሚጨነቅ ሰው ከልቤ የምመክረው ጌም ይሄ ነው። ከከበዳችሁ አሲስት ሞድ አለው፣ የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ እንዳትሞቱም ማድረግ ይቻላል። አብሩት፣ ታሪኩ አይቀንስም።

እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራችሁ ኢንሳይድ አለ። ፕሌይዴድ የሚባል የዴንማርክ ድርጅት በ2016 ያወጣው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ የንግግር ቃል የለበትም። የሚሸሽ ልጅ ነው፣ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። አራት ሰዓት አይሞላም፣ በሁለት ማታ ያልቃል። ድባቡ ግን ጨለማ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም።

ለብቻ መጫወት ለሰለቸው ደግሞ ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣው ነው። ጊዜው 1807 ነው። ጠፍታ የቆየች አንዲት መርከብ ባዶዋን ወደ እንግሊዝ ትመለሳለች። እናንተ የኢንሹራንስ መርማሪ ናችሁ፣ መርከቧ ላይ የነበሩት 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው ማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው መዝገቡ ላይ ትሞላላችሁ። አስከሬን አጠገብ ስትቆሙ ሰውየው የሞተባት ቅጽበት ቆማ ትታያለች፣ ከዚያ በፊት የተነገረውን ደግሞ በጆሯችሁ ብቻ ትሰማላችሁ። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብረን ነው የጨረስነው። እኔ ማውዙን፣ እሷ ደብተሩን ይዛ። "ይሄኛው የተኛበት አልጋ ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን ከስም ዝርዝሩ ጋር አስተያይ" ያለችኝ እሷ ናት፣ ከዚያ በኋላ በር ተከፈተልን። ሦስት ሰው በትክክል ስትሞሉ ነው ጌሙ የሚያረጋግጥላችሁ፣ ስለዚህ በግምት አትሙሉ፣ ደስታው ይጠፋል። እንግሊዝኛ ይፈልጋል፣ አነጋገሩም የባሕረኛ ነው፣ ጽሑፉን ግን አብሮ ስለሚያሳይ ቀስ ብሎ ማንበብ ይቻላል።

የዮዲትንስ ማን ነግሯችኋል? ከተማ እየገነቡ ጦር የሚያዘምቱበትን ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2ን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። በ2015 በወጣው "የአፍሪካ መንግሥታት" በሚባለው ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያን ገብተዋል፣ አሁን በ2019 በታደሰው እትም፣ ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን፣ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ቶሎ ቶሎ ይወረውራሉ፣ ልዩ ወታደራቸው ሾተል የያዘ ነው፣ ደግሞ ሰዎቹ ስታዟቸው በአማርኛ ነው የሚመልሱት። መጀመሪያ ስሰማው ወንድሜን ከጓዳ ጠርቼዋለሁ። ዮዲት የራሷ 5 ምዕራፍ ያለው ዘመቻ አላት። እኛ በትውፊት የምናውቃት አክሱምን ያጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች "ጉዲት" ብለን ነው። ጌሙ ደግሞ ታሪኩን ከስደቷ ጀምሮ በእሷ በኩል ነው የሚያስኬደው። ታሪክ አድርጋችሁ አትያዙት፣ ጌም ነው። ነገር ግን ከጨረስኩት በኋላ ስለዛግዌና ስለ አክሱም መጨረሻ ከአባቴ ጋር ረጅም ወሬ አወራን፣ አባቴ ጌም ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። በፈለጋችሁ ሰዓት ሴቭ ማድረግ ስለሚቻል መብራቱም አያሳስብም። ላፕቶፓችሁ እንደኔ ከሆነ ግን ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፣ ቦታም 30 ጊጋ ያህል ይፈልጋል።

ትልቁንና ረጅሙን ክረምት ላይ በፒኤስ4 ነው የጨረስኩት። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2፣ በ2018 የወጣ፣ 1899 አሜሪካ ውስጥ ስለሚሸሽ የሽፍቶች ቡድን። አርተር ሞርጋንን የመሰለ ሰው በጌም አላየሁም። ስለ ታሪኩ ምንም አልልም፣ ማንም እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ። ዝግ ያለ ነው፣ መጀመሪያው በረዶው ላይ በተለይ፣ ታገሡት። በኢንተርኔት ለማውረድ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ያገለገለ ዲስክ ፈልጉ፣ ሁለት ዲስክ ነው፣ አንዱ ለመጫኛ አንዱ ለመጫወቻ፣ ስትገዙ ሁለቱም መኖራቸውን እዩ። ሚሽን ላይ ካልሆናችሁ ራሳችሁ ሴቭ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ከእያንዳንዱ ሚሽን በኋላ አድርጉት።

ፒኤስ4 ላላችሁ አንድ ነገር። ሬስት ሞድ ላይ አታሳድሩት። መሣሪያው ያኔ የተኛ እንጂ የጠፋ አይደለም፣ መብራት ሲሄድ ክፍት የተዋችሁት ጌም ይዘጋል፣ ሴቭ ያላደረጋችሁት አብሮ ይጠፋል፣ ሲነሣም ዲስኩን ልፈትሽ ይላችኋል። ሁልጊዜ ሴቭ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ከዚያ ከሶኬት ንቀሉት። መብራት እንደመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ ትንሽ ይረጋጋ።

ዲስኮ ኤሊሲየምን ጀምሬ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ከአንድ ሚሊዮን ቃላት በላይ ያለው ጌም ነው፣ ጥሩ እንግሊዝኛና ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው የማታ ጌም አይደለም።

ስለ መግዣው ብዙዎች ትጠይቁኛላችሁ። የአገር ውስጥ ካርድ ለውጭ ግዢ አስቸጋሪ ስለሆነ እኔ ውጭ ያለችው እህቴ በስጦታ እየላከችልኝ ነው። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በዓመት ከሚያደርጋቸው ቅናሾች ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ፣ ሌላው ታኅሣሥ ላይ ከፈረንጆች ገና በፊት። ስታርዱም ሆሎ ናይትም መደበኛ ዋጋቸው 15 ዶላር ነው፣ በቅናሽ ጊዜ ይወርዳሉ። ዘመዳችሁን ልብስ ላኪልኝ ከማለት ይሄን በሉት። ትንንሾቹ ጌሞች ደግሞ በሌሊት ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ይወርዳሉ፣ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ስልክ ብቻ ላላችሁም ነገር አለ። ስታርዱ ቫሊ ስልክ ላይ አለ። የኢንሳይድ ሠሪዎች ከዚያ በፊት የሠሩት ሊምቦም አለ፣ እሱም ያለ ንግግር። ለእኛ ሰው በጣም የሚቀርበው ግን ፔፐርስ ፕሊዝ ይመስለኛል፣ የዚያው የሉካስ ፖፕ፣ በ2013 ለኮምፒውተር የወጣ፣ ከ2022 ጀምሮ ስልክ ላይ ያለ። አርስቶትዝካ የምትባል የፈጠራ አገር ድንበር ላይ ፓስፖርት የምትመረምሩት እናንተ ናችሁ። በየቀኑ ሕጉ ይለወጣል፣ ወረቀት ይጨመራል። የሚከፈላችሁ ባስተናገዳችሁት ሰው ልክ ነው፣ በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ትከፍላላችሁ፣ ካልበቃ ቤተሰብ ይታመማል። አንድ ባል ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ያልፋል፣ "ቀጥላ ያለችው ሚስቴ ናት፣ አደራ" ይላችኋል። ሚስትየው የመግቢያ ፈቃድ የላትም። በቀን ሁለት ስሕተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፣ ሦስተኛው ላይ ከደሞዝ ይቆረጣል። ኤምባሲ ደጃፍ ተሰልፎ ፎልደር ይዞ ያደረ ሰው ይሄን ጌም ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ ሲጫወተው ምን እንደሚሰማው መናገር አይጠበቅብኝም። መጨረሻው 20 ዓይነት ነው። አንዱ ቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ፣ ሴቭ የሚያደርገውም በየቀኑ ስለሆነ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ይጫወቱታል። እንግሊዝኛው ካልከበዳችሁ ከእሱ ጀምሩ፣ ከከበዳችሁ ከሊምቦ።